እኛ ቤት የቀረው ስሟ

«በእናንተ አገርስ ሰው የሌላውን ሰው ስም ይለውጣል?»

ይህን የጠየቀችኝ ፖላንድ ውስጥ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሽበታም ሴትዮ ናት። እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። ማይክ ይዣለሁ፣ ትከሻዬ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌያለሁ። እዚያ አገር ነጠላ ለብሼ ወጥቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ያምርብኛል ብዬ ነው። መልስ ለመስጠት ለአፍታም አላሰብኩም።

«የለም» አልኳት። «እኛ ጋ ስም የተከበረ ነገር ነው። ማንም የማንንም ስም አይነካም።»

ተጨበጨበልኝ። ብዙ ያፈርኩባቸው ነገሮች አሉ፤ እንደዚያ ጭብጨባ ግን የለም።

የሄድኩት ለማስተርስ ነው። የምግብ ሳይንስ ነው የተማርኩት። ማርቆስ ተወልጄ፣ እዚያው ማርቆስ ዲግሪዬን ይዤ፣ ለቪዛ ካልሆነ አዲስ አበባን እንኳን በቅጡ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ስደርስ ሁሉም ሰው ብርዱ እንዴት ነው እያለ ይጠይቀኛል። ብርዱ ምንም አልነበረም፤ እኛስ ብርድ እናውቅ የለ። እኔን ያቃጠለኝ የስሜ ነገር ነው።

ፓስፖርቴ ላይ እንደማንም ሰው የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም ተጽፏል። እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ነው። የለንም ብል ማን ይስማኝ። የመጨረሻውን ስም አነሱና የእኔ አደረጉት። እንዲህ ሆኖ አያቴ የፖላንድ ተማሪ ሆነ። አማኑኤል ከተማ አጠገብ ስንዴና ጤፍ ሲያርስ ኖሮ የሞተ ሰውዬ፣ ከቤተ መጻሕፍት የወሰደውን መጽሐፍ በቶሎ እንዲመልስ በኢሜል ይጠየቅ ጀመር። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ተሰጠው። የመኝታ ክፍሉን መስኮት ከፍቶ እንዳይሄድ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን መሳቁ አለቀብኝ።

ክፍል ውስጥ ደግሞ አለላችሁ። መምህሩ ስም ሲጠራ «ፓኒ» ይላል፤ በእነሱ ቋንቋ ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት ማለት ነው። «ፓኒ» ብሎ ዝም ካለ፣ እኔ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ መነጽሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይላል። ያ የሚለው ነገር ስሜም አይደለም፣ የአያቴም አይደለም። አንድ ቀን «በአጭሩ የምንጠራሽ ነገር የለም?» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ተቸግሮ ነው። እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«የለም» አልኩት። «እኔ የእርስዎን ስም ተምሬያለሁ። እርስዎም የእኔን ይማሩ።»

 ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሥራዬ አደረግኩት። እነሱ ራሳቸው ፊደላቸው ላይ ጭረትና ጅራት አላቸው፤ አንዷን ጭረት ብትረሳባቸው ያርሙሃል። የእኛን ግን እንደፈለጋቸው ይቆራርጡታል። ስሜ ውስጥ ጠ አለ። እነሱ ተ ነው የሚሉት። ፓስፖርቴ ላይም የጻፈልኝ የራሳችን ሰው ተ በሚሆነው ፊደል ነው የጻፈው። ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስለ አባት ስም፣ ስለ አያት ስም፣ ስለ ጠ። ደብዳቤውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ቬትናማዊው መጣ፣ ናይጄሪያዊቷ መጣች፣ ሁሉም የየራሱን ብሶት ይዞ መጣ። በመጨረሻ የውጭ ተማሪዎች ቀን ሲከበር እንድናገር ተጋበዝኩ።

በዚያ ቀን አዳራሽ ሙሉ ፖላንዳዊ «ጠ፣ ጠ፣ ጠ» አስባልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ኮስተር አልኩና «የሰውን ስም የሚያበላሽ ሰውየውን ንቆት ነው። ጠ የሌለበት ስም የእኔ ስም አይደለም» አልኩ። ከዚያ ነው ሽበታሟ ሴትዮ እጇን ያወጣችው።

ከጥያቄዋ በፊት አንድ ነገር ተናገረች። አያቷ በልጅነቷ ሰው አገር ሄዳ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የቤቱ እመቤት ስሟን ስትሰማ «ይሄ የልጄ ስም ነው፤ አንቺን በሌላ ነው የምንጠራሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ይህን ስትናገር ድምጿ አልተቀየረም። እንዲያው እንደ ወሬ ነው ያወራችው። ከዚያ «በእናንተ አገርስ?» አለች።

እኔም የለም አልኩ።

ይህን ስናገር ውስጤ እያወቀ ዋሸሁ ብል ይሻለኝ ነበር። ውሸታም ሰው ቢያንስ እውነቱን ያስታውሳል። እኔ አላስታወስኩም። ያቺ ሴትዮ የእኛን ቤት ታሪክ ከነሳሎኑ ፊቴ አስቀምጣልኝ፣ ትዝ አላለኝም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራት፤ አሁንም አላት። አባቴ አስተማሪ ነበር። ሱቁም ቤቱም አልያዝ ስላላት ከገጠር ልጅ ይምጣልኝ አለች፤ ቀን ቤት ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ልጅቷ ከይጁቤ ወዲያ ካለ ቀበሌ መጣች። ከእኔ አንድ ዓመት ብትበልጥ ነው። በፌስታል አንድ ቀሚስ ይዛለች። እናቴ «ስምሽ ማነው?» አለቻት። ነገረቻት።

የእኔ ስም ነበር። ከነ ጠ ፊደሉ።

እኔ ሳቅኩ። እናቴም ፈገግ አለችና «ኧረ ይሄስ አይሆንም» አለች። «አንዷን ስጠራ ሁለታችሁም ልትመጡ ነው? ወይም ሁለታችሁም ልትቀሩ ነው። ሌላ ስም እናውጣላት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በይ አንቺ ምረጪላት።»

ደስ አለኝ። ድመት እንደተሰጣት ልጅ ደስ አለኝ። የእንግሊዝኛ መጽሐፌን አመጣሁ። መጽሐፉ ላይ አንዲት ፈረንጅ ልጅ አለች፤ በየምዕራፉ ፖስታ ቤቱ የት ነው እያለች መንገደኛ የምትጠይቅ። ቀይ ሻርፕ አላት። የእሷን ስም አወጣሁላት። አባቴ ከጋዜጣው ቀና ብሎ «እንዴ፣ የገጠር ልጅ ይሄን እንዴት ትሸከመው?» አለ። ተሳሳቅን። ልጅቷ በር ላይ እንደቆመች ነው። እሷን የጠየቃት ሰው የለም።

የመጀመሪያ ሰሞን ስትጠራ አትሰማም ነበር። እናቴ «ይህች ልጅ ጆሮዋን ያማታል መሰለኝ» ትላለች። አለማምዳታለሁ ብዬ እኔ ተነሣሁ። ከዚህ ክፍል እጠራታለሁ፣ ከዚያ ክፍል እጠራታለሁ፣ «እመት» እስክትል። እሷ ደግሞ እኔን ስትጠራ የራሷን ስም ትጠራለች። ሳህን ታጥቧል ልትለኝ፣ ምሳ ደርሷል ልትለኝ፣ በቀን ስንቴ የራሷን ስም አንሥታ ለእኔ ትሰጠኛለች። ያኔ ይህ ምንም አልመሰለኝም።

አንድ ጨዋታም ነበረኝ። ወጥ ቤት ስትሠራ ከኋላዋ ቀስ ብዬ እሄድና የሁለታችንን ስም እጠራለሁ። ከዞረች «ተሸወድሽ» እላታለሁ፤ እስቃለሁ። እሷም ትስቅ ነበር፤ ወይም እኔ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ዞራለች። አንድ ቀን ጠራኋት፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት። ቢላዋውም እንኳን አልቆመም። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ «ለመደች» አልኳት።

በዓመቱ ይሁን በሁለት ዓመቱ እናቷ ከይጁቤ መጣች። በቅል ቅቤ ይዛለች። ግቢው በር ላይ ቆማ በስሟ ተጣራች። እኔ ነኝ የወጣሁት፣ ስሜ ነዋ የተጠራው። ሴትዮዋ አየችኝና በትከሻዬ በላይ አሻግራ ማየት ጀመረች። «አንቺን አይደለም ልጄ» አለችኝ። ልጅቷ ከኋላዬ ቆማለች። እናቷ እስክትደግምላት አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ነው የሮጠችው።

ሻይ እየጠጡ እናቴ ልጅቷን ጠራቻት፤ በፖስታ ቤቷ ልጅ ስም። ልጅቷ «እመት» ብላ መጣች። እናቷ ልጇን አየች፣ እናቴን አየች።

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«የከተማ ስሟ ነው» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው። «ይሁን። ትማርበት እንጂ፣ ይሁን።»

ተማረችበትም። አባቴ ለማታ ትምህርት ሲያስመዘግባት በዚያው ስም ነው። ቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣላት በዚያው ነው። የፈረንጅ ስም ስለሆነ ሁሉም እንደመሰለው ጻፈው፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት፣ ቀበሌው ሌላ ዓይነት። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ እኛ ቤት ስድስት ዓመት ኖራ፣ ቤሩት ሄደች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ያው ነው። አባቴም በኋላ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አረፈ፤ የዚያን ሰሞን ከቤሩት ደውላ አልቅሳለች።

እኔ ግን መድረክ ላይ ቆሜ ትዝ አላለችኝም።

የንግግሬን ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ ከለቀቅኩት ሁለት ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ትራም ውስጥ ነበርኩ። ድምጿን ወዲያው አወቅኩት።

«እንዴት ነሽሳ። አየሁሽ እኮ። አብራኝ ለምትሠራው ለፊሊፒኗ እህቴ ናት ብዬ አሳየኋት። ጠ ጠ ጠ እያልሽ እንደ ቆሎ ስትንጣጪ። ጎበዝ። ግን ምን ልበልሽ፣ ስምሽን በጠራሽ ቁጥር ልቤ ዱብ ይላል፤ እኔን የምትጠሪ እየመሰለኝ። ዓመታት ሆነኝ እኮ ሰው በስሜ ከጠራኝ፤ እናቴ በስልክ ካልሆነች። ያቺ አሮጊት የጠየቀችሽንም ፊሊፒኗ ከእንግሊዝኛው ተረጎመችልኝ። የመለስሽላትንም። ይሁን እንግዲህ። እትዬን ሳሚልኝ።»

ቁጣ የለበትም። ስድብ ቢኖርበት እኔም ተሳድቤ እገላገል ነበር። ከምወርድበት ፌርማታ አልፌ ሄድኩ። ደግሜ ሰማሁት፣ ደጋግሜ ሰማሁት። መልስ ልጽፍ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። በመጨረሻ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ቀይ ልብ ላኩላት። የስልኩን ልብ። ሰዉን ሁሉ ስም አስተካክላችሁ ጥሩ ብዬ የጮህኩ ሰው፣ እሷን በየትኛው ስም ጀምሬ እንደምጽፍላት ስላላወቅኩ ልብ ላኩ። ቪዲዮውንም ከፌስቡክ አላጠፋሁትም። ሰው እየወደደው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመት አለፈ። ተመረቅኩ። መስከረም ላይ ማርቆስ ገባሁ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሳሎን ስደርስ ሶፋው ላይ ሴት ተቀምጣለች። ወፍራለች፣ ፀጉሯን ቀለም ተቀብታለች። እናቴ ቆማለች። ቤሩት ሳትሄድ እኛ ቤት በኖረችበት ስድስት ዓመት ውስጥ እሷ ተቀምጣ እናቴ ቆማ አይቼ አላውቅም።

«መጣችሳ፣ የጠ ሊቀመንበር» አለች።

ተሳሳምን። ሽቶዋ ይሸታል። እጄን ይዛ አየችኝ። «ከሳሽ። ምግብ ሳይንስ ተምረሽ ምግብ የለም እንዴ?»

«መልስ ሳልጽፍልሽ…» ልል ጀመርኩ።

«ልብ ልከሽልኝ የለ» አለች። እናቴ ምን እንደሆነ ስላልገባት ሳቀች።

ችኩል ነኝ። ሰው ሲመጣ የመጣበትን ቶሎ እንዲናገር እፈልጋለሁ። ሻይ ከመቀዳቱ በፊት «ምን ልርዳሽ?» አልኳት።

«ምስክር ሁኑኝ» አለች።

አባቷ ሞቷል። እናቷ ደክማለች። የአባቷ የመሬት ደብተር ላይ በእውነተኛ ስሟ ተጽፋለች። መታወቂያዋና ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ እኛ ባወጣንላት ስም። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ደብተሩ ላይ ያለችው ሴት አንቺ አይደለሽም አላት። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ካላረጋገጠላት መሬቱ ከእጇ ሊወጣ ነው። ለዚህ ሁለቱንም ስሞች የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጓታል።

«ይጁቤ ብትጠይቂ ያቺን የፖስታ ቤቷን ልጅ የሚያውቃት የለም» አለች። «ማርቆስ ብትጠይቂ ደግሞ እኔን የሚያውቀኝ የለም። ሁለታችንንም የምታውቁ እናንተ ብቻ ናችሁ።»

እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክላለች። የተስተካከለውን። «ልጄ፣ እኔ ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም። ሰው ምን ይለኛል? ሠራተኛዋ ከሰሰቻት ነው የሚባለው።»

«ክስ አይደለም፣ እትዬ። ምስክርነት ነው።»

«ደጃፉ ላይ ያየኝ ሰው ገብቶ ይጠይቃል ወይ?»

«እንግዲያው ያዩሽን ሁሉ እኔ ቆሜ አስረዳልሻለሁ» አለችና ሳቀች። እናቴን አንቺ ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር። እናቴም ሰምታዋለች።

ከሄደች በኋላ ከእናቴ ጋር ተጣላን። እኔ ጮህኩ፣ እሷ ዕቃ አንኳኳች።

«ምን በደልኳት?» አለችኝ። «አስተማርኳት። ስትታመም ሐኪም ቤት ያደርኩት እኔ ነኝ። ስም ማውጣት ደግሞ ምንድነው? እኔንስ ሳገባ አማቴ ስም አውጥታልኝ የለም እንዴ? እስክትሞት በዚያው ነው የጠራችኝ። ስም የሚያወጣልሽ የወደደሽ ሰው ነው።»

«አማትሽ ያንቺን ስም ነጥቃ ለልጇ ሰጠችው?»

ያነሣችውን ዕቃ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማን መረጠላትና?» አለች።

ሻንጣዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ፍርድ ቤት ክረምት ዝግ ነው። ጥቅምት ላይ ሲከፈት ከባለጉዳይዋ ጋር ሄድኩ። አጥሩ ሥር ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ። የያዝነው ሰውዬ ሸምገል ያሉ ናቸው፤ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፣ ግን ከእኔ ይፈጥናሉ። ስሟን ጻፉ፣ ሌላውን ስሟን ጻፉ። የፈረንጁን ስም ሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሲያዩት «ይህቺ ልጅ ስንት ሴት ናት?» አሉ። እሷ ሳቀች።

«ለስሙ መለወጥ ምክንያቱ ምን እንበል?» አሉ። «በስሕተት እንበለው። ስሕተት ሲሆን ይቀላል።»

«ስሕተት አይደለም» አለች።

«ታዲያ?»

ወደ እኔ አየች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አሳዳሪዎቼ ለመጥራት እንዲመቻቸው ብለው ይጻፉልኝ።»

«ለመጥራት… እንዲመቻቸው…» እያሉ ጻፉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አሳዳሪዎቿ መሆናችንን ሰውዬው ያወቁ አይመስለኝም። ወረቀቱን ሲሰጧት «የዛሬ ሰው ለራሱ ሲመቸው የጌታውንም ስም ይለውጣል» አሉ፤ እኔም ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እንደዚህ ነኝ እኔ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ» አለችኝ። «እናትሽ የምትለውን ትበል፣ አልፈርድባትም። አንቺ ግን ወዳ ነው እንዳትይብኝ። መሬቱን ባጣም ልጣ። ወዳ ነው እንዳትይብኝ።»

«አልልም» አልኳት። ቀላል መስሎኝ።

የቀጠሮው ቀን እናቴ መጣች። እንደምትመጣ አልነገረችኝም፤ ነጭ ለብሳ፣ ሱቁን ዘግታ መጣች። ምስክር የሚገባው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ውጭ ይጠብቃል። እናቴ ቀድማ ገባች። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን የምታስተካክል መሰለችና፣ «ወዳ ነው የተቀበለችው ብያለሁ። አንቺም እንደሱ በይ። አታዋርጂኝ ልጄ» አለችኝ።

ስሜ ተጠራ። ገባሁ።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ዳኛው ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። እሷ በስተግራ ቆማለች፣ እጆቿን አጣምራ። ማልኩ። ዳኛው ሳያየኝ «ሙሉ ስም» አለኝ።

ተናገርኩ። የእኔን ብቻ፤ ወደ አባቴ ገና አልደረስኩም።

ቀና አለ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «የአመልካቿን አይደለም የጠየቅኩሽ። የራስሽን ስም ተናገሪ።»

«የራሴ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። አንድ ነው ስማችን።»

መዝጋቢዋ ፈገግ አለች። ዳኛውም ሊስቅ ፈልጎ ተወው። እሷን ከመቼ ጀምሮ እንደማውቃት ጠየቀኝ። መለስኩ። ሁለቱም ስሞች የእሷ መሆናቸውን ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ድምፄ የራሴ ነበር።

«ስሟ ለምን ተለወጠ?»

«እኛ ቤት ስትመጣ… ስማችን አንድ ስለነበረ…»

«የቀደሙት ምስክር አመልካቿ አዲሱን ስም ወዳ እንደተቀበለች ተናግረዋል። አንቺ የምታውቂው እንደዚህ ነው?»

በሩ በደንብ አይዘጋም። በስንጥቁ የእናቴ ነጠላ ይታየኛል። እዚያው ቆማለች፤ አልሄደችም።  በስተግራ የቆመችውን አየኋት። እሷ እኔን አታየኝም፤ ፊት ለፊት ግድግዳውን ነው የምታየው። ያኔ ሽንኩርት ስትከትፍ እንደነበረው።

አንድ ነገር ተናገርኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አለ ዳኛው። «መዝጋቢዋ አልሰማችሽም።»

«አልወደደችውም» አልኩ። «አልጠየቅናትም። ስሟን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ከእንግሊዝኛ መጽሐፌ ላይ አንብቤ ነው ያወጣሁላት። የራሷን ስም እየጠራሁ እንዳትዞር ያለማመድኳትም እኔ ነኝ።»